ኬኩ ድንጋይ የሆነው ባንቺ ጥፋት አይደለም

ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽን ጉልበቷን ትንሽ አሟት ነበር፤ አሁን ተሽሏታል፤ ቤተ ክርስቲያን ደርሳ መጥታለች።

እሁድ ዕለት ደውለሽ «አባዬ፣ ያንተ ኬክ እኮ ድንጋይ ሆነብኝ» ስትዪኝ በስልክ ሳቅኩ። ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ ከፍቶኝ ነበር። ይሄን ሁሉ ዓመት የጋገርኩት ኬክ! መሥሪያ ቤት ይዘሽው ሄደሽ፣ ፈረንጆቹ «ደስ ይላል» እያሉ በሹካ ሲገፉት ታየኝ። እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ተነስቼ ያንን ቅባት የጠጣ ደብተሬን አወጣሁ። ገጹን ሳየው ገባኝ። ጥፋቱ የኔ ነው። የሰጠሁሽ የአዲስ አበባ ኬክ ነው፤ አንቺ ያለሽው አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ።

እኛ ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር በላይ ነን። አንቺ ወንዝ ዳር ነሽ፤ ከባሕሩ እኩል ነሽ ማለት ይቻላል። እዚህ አየሩ ስስ ነው። ውሃ እንኳ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ እናንተ ጋ 100 ይደርሳል። አየሩ ሲሳሳ ቤኪንግ ፓውደሩ የሚያወጣውን ጋዝ ከላይ የሚጫነው የለም። ኬኩ ገና ሳይበስል ይነፋና ወዲያው መሐሉ ስርጉድ ይላል። እርጥበቱም ቶሎ ይተናል። ስለዚህ እኔ በየጊዜው ቤኪንግ ፓውደሩን ቀነስኩ፣ ስኳሩን ቀነስኩ፣ ወተት ጨመርኩ፣ እሳቱን ከፍ አደረግኩ። አንቺ ያንን ሁሉ ይዘሽ ቆላ ወረድሽ። ላዩ የጠቆረው፣ ውስጡ ያልተነፋው ለዚህ ነው።

እንቁላሉም አለ። ደብተሬ ላይ «6 እንቁላል» የሚለው የሐበሻ ዶሮ እንቁላል ነው። ታውቂዋለሽ፣ ሁለቱ አንድ መዳፍ ላይ ይቀመጣሉ። የናንተው ትልልቁ ከሆነ 4 ይበቃል። 6ቱንም ከሰበርሽው ኬክ ሳይሆን እንቁላል ፍርፍር ነው የጋገርሽው።

እንግዲህ እንዲህ አድርጊ። ለ3 ኩባያ ዱቄት እኔ 2 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር ነው የማደርገው፤ አንቺ 3 አድርጊ። ስኳሩን ከአንድ ኩባያ ከሩብ ወደ አንድ ተኩል መልሺው። ወተቱ አንድ ኩባያ ብቻ፤ እኔ የጨመርኳቸውን 3 የሾርባ ማንኪያዎች ተያቸው። እኔ 190 የምለው እሳት ላንቺ ይበዛል። የናንተ ኦቭን በፋራናይት ስለሆነ 350 ላይ አድርጊው፤ በኛ 177 ገደማ ነው። 30 ደቂቃ ሳይሞላው እንዳትከፍቺው። ከዚያ ስንጥር መሐሉ ላይ ሰክተሽ አውጪ፤ ሊጥ ካልያዘ በቃ፣ አውጪው።

ለመሆኑ እኔ ኬክ ጋጋሪ የሆንኩት እንዴት እንደሆነ ነግሬሽ አውቃለሁ? በ1990 ዓ.ም. አንድ ዓመት ሲሞላሽ ከአንድ ኬክ ቤት አዘዝን። ክዳኑን ስንከፍተው በቀይ ክሬም «እንኳን ተወለድክ» ይላል። ተወለድክ! ሴት ልጅ፣ ጆሮዋን የተበሳች፣ ሮዝ ቀሚስ የለበሰች። ተመልሼ ልሄድ ስል እንግዳው ገባ። ቢላ ይዤ «ክ»ን «ሽ» ላደርጋት ታገልኩ። አልሆነችም፤ ጭራሽ ተላቆጠች። እናትሽ ከረሜላ ለጠፈችበት። አልበሙ ላይ ያለውን ፎቶ አስተውለሽ ካየሽው «እንኳን ተወለድ» ነው የሚለው፤ ከዚያ አረንጓዴ ከረሜላ።

በዓመቱ እኔው እሠራዋለሁ ብዬ ተነሳሁ። ሰፈሩ ሳቀ። ወንድ ልጅ፣ የሒሳብ ሠራተኛ፣ ሽርጥ አስሮ! ሊጡን አቡክቼ ቆርቆሮው ላይ ስገለብጥ መብራት ጠፋ። አያትሽ፣ ነፍሷን ይማር፣ ጥግ ላይ ተቀምጣ ስታየኝ ቆይታ «ወዲህ በል» አለችኝ። ከሰል አያያዘች። ቆርቆሮውን ትልቁ ድስት ውስጥ አስገብታ በብረት ክዳን ከደነችው። ክዳኑ ላይ ፍም ደረደረች። ልክ እንደ ድፎ ዳቦ፣ እሳት ከላይ እሳት ከታች። ሥሩ አረረ፤ ላዩ ጭስ ጭስ ይላል። ግን ተበላ። «ኮባ ብታደርግበት ደግሞ ባላረረ» አለች፤ እስከ ሞተችበት ጊዜ ድረስ ኬክን ስኳር የበዛበት ድፎ ነው ብላ ነው የምታምነው።

አሁን ወደ ማስዋቡ ልምጣ፤ የላክሽልኝ ፎቶ ላይ ክሬሙ በፍርፋሪ ተለውሷል። አንድ ጊዜ ብቻ ቀብተሽ ነዋ። ቤት ስንሠራ እንዴት ነበር? መጀመሪያ ምርጊት፣ ከደረቀ በኋላ ልስን። ኬክም እንደዚያው ነው። መጀመሪያ ስስ አድርገሽ ቀቢ፤ ፍርፋሪውን ይያዝልሽ፤ ማማር የለበትም። ፍሪጅ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ይቀመጥ። ከዚያ ዋናውን ክሬም አልብሺው። ለክሬሙ 250 ግራም ጨው የሌለው የገበታ ቅቤ፣ 500 ግራም እንደ ዱቄት የላመ ስኳር፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ወተት። ቅቤው ለብቻው እስኪነጣ ይመታ። እናትሽ የላከችልሽን የወጥ ቅቤ እንዳትነኪው። አንዴ እኔ ሞክሬው ኬኩ ዶሮ ወጥ ዶሮ ወጥ ሸተተ።

ጽሕፈቱ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። የላቲኑ ፊደል እጅሽ ሳይነሳ ይፈሳል። የኛ ግን በየፊደሉ ማንሳት ይጠይቃል፤ ባነሳሽ ቁጥር ቸኮላቱ ጅራት ያወጣል። ትንሽ የፕላስቲክ ከረጢት ውሰጂና ጫፉን እንደ ጤፍ ፍሬ ታህል ቁረጪ። ሰፋ ካደረግሽው «ደ»ና «ጸ» ይመሳሰላሉ። «መልካም»ን ከላይ፣ «ልደት»ን ከታች አድርጊ። «ልደት»ን ከ«ደ» ጀምሪ፤ መሐል ላይ ከጀመርሽ ቦታ አያጥርሽም። እኔ ከዳር ጀምሬ «ት» ከኬኩ ወርዳ ሰሃን ላይ የተጻፈችበት ጊዜ አለ። መጀመሪያ ሰሃን ጀርባ ላይ ተለማመጂ፤ ሙከራሽን ልሰሽ ታጠፊዋለሽ።

ያቺ ሐበሻ ባልደረባሽ ልደቷ ዓርብ ነው ብለሻል አይደል? ትጾም እንደሆነ ቀደም ብለሽ ጠይቂያት። ኬክ ፊቷ አስቀምጠሽ «ጾም ነኝ» ስትልሽ ሁለታችሁም ትሸማቀቃላችሁ። እኔ መሥሪያ ቤት በሁዳዴ 55 ቀን ሙሉ የልደት ቀን የሚውልባቸውን ሰዎች ስም ለይቼ እይዝ ነበር። ለእነሱ የምሠራው እንቁላልም ወተትም ቅቤም የለበትም። አንድ ኩባያ ተኩል ዱቄት፣ አንድ ኩባያ ስኳር፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ካካዋ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። ይሄ ያንቺ አገር ልክ ነው፤ እኔ ሶዳውን ሦስት አራተኛ ነው የማደርገው። በሌላ ዕቃ አንድ ኩባያ ውሃ፣ 5 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ አቼቶ፣ ትንሽ ቫኒላ። አቼቶው አያስፈራሽ፤ ጣዕሙ አይታወቅም። ከሶዳው ጋር ሲገናኝ አረፋ ያወጣል፤ የሚያነሳው እሱ ነው። ስለዚህ ኦቭኑ ቀድሞ ይጋል። አዋህደሽ ወዲያው አስገቢው፤ ስልክ አታንሺ፣ እኔም ብደውል። ከ30 እስከ 35 ደቂቃ ይበቃዋል። ለውዝ የማይስማማው ሰው እንዳለም ጠይቂ፤ እዚያ ቀልድ አይደለም።

ስለ ማጓጓዙ ደግሞ አንድ ነገር። እኔ ኬክ ይዤ ታክሲ ስገባ ጭኔ ላይ ነበር የማስቀምጠው። አንድ ቀን ፍሬን ሲይዝ ፊት ያለችው ሴትዮ ነጠላ ላይ ልደት አከበርን። ከዚያ ወዲህ ለኬኩ ወንበር እከፍልለታለሁ። ወያላው «ጋሼ፣ እሱም ልጅ ነው?» ይለኛል። አንቺ መኪና አለሽ፤ ወንበሩ ላይ ሳይሆን ወለሉ ላይ አስቀምጪው። ወንበር ያዘነብላል።

ቆርቆሮዋን፣ ያቺን ጎኗ የተጎረበጠችውን፣ በሚመጣ ሰው እልክልሻለሁ። ደብተሩን ግን አልልክም፤ ገና እጋግርበታለሁ። ላንቺ የሚሆነውን ገጽ ገልብጬ ከዚህ ጋር አድርጌልሻለሁ። ኅዳጉ ላይ በእርሳስ የጻፍኩት የድሮው ልክ ነው፤ ለዓመት በዓል ስትመጪ እዚህ አብረን ስንጋግር ያስፈልግሻል።

ዓርብ ማታ ፎቶ ላኪልኝ። ከላይ እንዳታነሺው፤ ቆርጠሽ ከጎን አንሺ። ውስጡን ማየት እፈልጋለሁ። እናትሽ ደግሞ የሚበላውን ሰው ፊት ነው ማየት የምፈልገው ብላለች።

አባትሽ