ጨረሩ ሳይቋረጥ እንዲያልቅ፦ የማደሪያ ድጋፍ ጥሪ

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለማኅፀን በር ካንሰር የጨረር ሕክምና ለሚከታተሉ፣ ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ ሴቶች የማደሪያ፣ የምግብና የትራንስፖርት ወጪ ለመሸፈን ድጋፋችሁን እንጠይቃለን። ከሚሰበሰበው የተወሰነው ለሥልጠናና ለታካሚ ክትትል ይውላል። ማደሪያን ያስቀደምነው ያለ ምክንያት አይደለም።

ለቀዶ ሕክምና በማይመች ደረጃ የተገኘ የማኅፀን በር ካንሰር የሚታከመው በጨረርና በኬሞ (በካንሰር መድኃኒት) አንድ ላይ ነው። ጨረሩ በሳምንት 5 ቀን ለ5 ሳምንት ያህል ይሰጣል፤ ታካሚዋ ማሽኑ ላይ የምትቆየው ግን በየቀኑ ለጥቂት ደቂቃ ነው። በሳምንት አንድ ቀን ሲስፕላቲን የተባለው የኬሞ መድኃኒት ይታከላል። ከዚያ የጨረሩ ምንጭ ራሱ ወደ ዕጢው ተጠግቶ የሚሰጥበት ብራኪቴራፒ አለ። ይህ ሁሉ በ8 ሳምንት ውስጥ ማለቅ አለበት። ከጨረሩ የተረፉ የካንሰር ሕዋሳት ፋታ ካገኙ በፍጥነት ይራባሉ፤ ሕክምናው ከዚህ ጊዜ ባለፈ ቁጥር በሽታውን የመቆጣጠር ዕድል በቀን እስከ 1 በመቶ ሊቀንስ እንደሚችል ጥናቶች ያሳያሉ።

ሕክምናውን የሚያቋርጠው ደግሞ ሁልጊዜ የማሽን ብልሽት አይደለም። የአልጋ ኪራይ ያለቀባት እናት «ለበዓል ቤት ደርሼ ልምጣ» ብላ ትሄድና ሁለት ሳምንት ትቀራለች። ደም ሲፈሳት የቆየች ሴት ሄሞግሎቢኗ (በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው) ይወርዳል፤ ኦክስጅን ባነሰው ዕጢ ላይ ደግሞ የጨረሩ ኃይል ይዳከማል፤ ስለዚህ ደም የሚለግስላት ሰው ያስፈልጋል። ዕጢው የሽንት ቱቦን ሊጫን፣ ሲስፕላቲን ራሱም ኩላሊትን ሊጎዳ ስለሚችል ከየኬሞው በፊት ክሬአቲኒን (የኩላሊትን ሥራ የሚያሳይ የደም ምርመራ) መታየት አለበት። ምርመራውን ከፍላ የምታሠራ ከሆነና ገንዘብ ካጣች የዚያ ሳምንት ኬሞዋ ያልፋታል።

በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት ገደማ ተቅማጥ ይጀምራል። ስለዚህ የምንከራየው ቤት ለሆስፒታሉ የቀረበ፣ መጸዳጃው ከመኝታ ክፍሉ ያልራቀ፣ ውኃ የማይጠፋበት መሆን አለበት። ለታካሚዋም ለአስታማሚዋም አልጋ ይኖራል። ኦአርኤስና ቴርሞሜትር ከቤቱ አይጠፋም፤ ትኩሳቷ 38 ከደረሰ ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል ትወሰዳለች። ምግቡ ሩዝ፣ ሙዝ፣ እንቁላል፣ አጥሚት ይሆናል። በርበሬና ቃሪያ የበዛበት ወጥ ተቅማጡን ያባብሳል።

በጥቁር አንበሳ የጨረር ሕክምና የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1997 በኮባልት ማሽን ነበር። ዛሬ ጅማና ሐረርም የጨረር ማሽን አላቸው፤ ማሽን በተጨመረ ቁጥር ግን የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያ፣ የጨረር ቴክኖሎጂ ባለሙያና የካንሰር ሐኪም ይፈለጋል። ለሥልጠና የያዝነው ገንዘብ ሬዚደንቶች (ስፔሻሊስት ለመሆን የሚሠለጥኑ ሐኪሞች) የብራኪቴራፒ መሣሪያ አገባብን ታካሚ ላይ ከመሥራታቸው በፊት የሚለማመዱባቸውን ሞዴሎች ለመግዛት ነው።

የታካሚ ክትትሉን በተመለከተ፣ ከ2011 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚሠራው የአዲስ አበባ የካንሰር ምዝገባ ስንት ሰው እንደታመመ ይነግረናል። ታክመው የሄዱት በሕይወት መኖራቸውን ለማወቅ ግን ደውሎ መጠየቅ ግድ ነው። ሲም ካርድ ስለሚቀየር ከእያንዳንዷ ታካሚ ሁለት ስልክ፣ የዘመድ ስምና ቀበሌ እንመዘግባለን፤ በየ3 ወሩም እንደውላለን። ለዚህ የሚያስፈልገው የአየር ሰዓትና አንድ ሠራተኛ ነው። ትንሽ ወጪ ይመስላል፤ ካልተሸፈነ ግን ሕክምናው ምን ውጤት እንዳመጣ ማወቅ አይቻልም።

በውጭ አገር ያላችሁ ወገኖቻችን፣ እባካችሁ የካንሰር መድኃኒት በሻንጣ አትላኩ። እንደ ቪንክሪስቲን ያሉት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለባቸው፤ ሲስፕላቲን በተቃራኒው ፍሪጅ ውስጥ ከገባ ይረጋል። መንገድ ላይ ምን እንደገጠመው የማይታወቅ መድኃኒት ለታካሚ አይሰጥም፤ ማስገቢያ ፈቃድም ይጠይቃል። ገንዘብ ይሻላል። አዲስ አበባ ያላችሁ ክፍል፣ ፍራሽ፣ ብርድ ልብስ መስጠት ወይም ደም መለገስ ትችላላችሁ።

ከአንድ ጊዜ ትልቅ ስጦታ ይልቅ በየወሩ የሚገባ፣ አነስተኛም ቢሆን፣ ይጠቅመናል። የ8 ሳምንቱ ሙሉ ወጪ እጃችን ሳይገባ አዲስ ታካሚ ወደ ማደሪያው አንቀበልም።