መካከለኛውን ሞገድ ከአምፖል ጫጫታ ታደጉልን

ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የኤሌክትሪክ ዕቃዎች በመካከለኛ ሞገድ (ኤኤም) ሬዲዮ ላይ የሚያደርሱትን ረብሻ ይመለከታል

ማታ ማታ ሬዲዮ ከፍቶ ሩቅ ጣቢያ መፈለግ የአንዳንዶቻችን ሱስ ነው። የሚያጓጓን ዜናው ወይም ዘፈኑ ሳይሆን ድምፁ ከየት ተነሥቶ እኛ ዘንድ እንደደረሰ ማወቁ ነው። ቀን ላይ መካከለኛ ሞገድ ምድር ለምድር ስለሚጓዝ ከቅርብ ጣቢያ በቀር እምብዛም አይያዝም። ፀሐይ ስትጠልቅ ግን ሞገዱን ሲውጥ የዋለው የታችኛው የአየር ንብርብር ይከስማል፤ የላይኛው ደግሞ ወደ መሬት ይመልሰዋል። ያን ጊዜ ከቀይ ባሕር ማዶ የዐረብኛ ጣቢያዎች ይደራረባሉ። የአሜሪካ መንግሥት የዐረብኛ ጣቢያ የሆነው ራዲዮ ሳዋ ለዓመታት ከጅቡቲ በ1431 ኪሎ ኸርዝ ሲገባ የጎረቤት ያህል ነበር።

ከአገር ውስጥም የኢትዮጵያ ሬዲዮ በኖረባቸው ሞገዶች መቱን በ684፣ ሐረርን በ855 አዲስ አበባ ቁጭ ብሎ መሞከር አለ። በ873 ያለው የጌጃ ማሰራጫ ለአዲስ አበባ ቅርብ ስለሆነ ሐረርን ይጫነዋል፤ ሬዲዮውን ቀስ እያሉ ሲያዞሩት ግን በውስጡ ያለው የፌራይት አንቴና (ሽቦ የተጠመጠመበት ዘንግ) አንዱን አድክሞ ሌላውን ያወጣል። የጨዋታው ጣዕም እዚህ ላይ ነው።

አሁን አሁን ከ531 እስከ 1602፣ ማለትም በመካከለኛው ሞገድ ከዳር እስከ ዳር የሚሰማው «ዥዥዥ» ብቻ ሆኗል። ምንጩን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። የሰፈሩ መብራት ሲጠፋ በድንጋይ የሚሠራው ሬዲዮ ይጠራል፤ ጣቢያዎቹም አንድ በአንድ ብቅ ይላሉ። (መብራት ሲሄድ «እሰይ» የሚል ሰው ካለ እኛ ነን።) መብራቱ ሲመጣ ጫጫታውም ይመለሳል።

ጥፋቱ የርካሽ ኤልኢዲ አምፖልና ቻርጀር ነው። ኤሌክትሪኩን በሰከንድ በአሥር ሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ ያቆራርጡታል፤ የዚህ ድግግሞሽ ብዜቶችም በቀጥታ መካከለኛው ሞገድ ላይ ያርፋሉ። ይህን የሚያግዱት ኮይልና ኮንደንሰር ዋጋ ለመቀነስ ሲባል ይቀራሉ። ረብሻው በመብራት መስመሩ ስለሚሄድ በኮንዶሚኒየም የራስን አምፖል መቀየር ብቻውን አይፈይድም።

«የጥቂት ሰዎች ጨዋታ ነው» ትሉ ይሆናል። ይሁን። ግን ኤፍኤም ተራራ ይከለክለዋል፤ ከከተማ ርቆ መካከለኛ ሞገድ የሚያዳምጠው ገበሬም መብራት በገባለት ማግስት ያው አምፖል ይገባለታል።

በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የሬዲዮ ሞገድ አስተዳደር ለእናንተ ተሰጥቷል። ስለዚህ ከደረጃዎች ኢንስቲትዩትና ከጉምሩክ ጋር ሆናችሁ ወደ አገር የሚገባ አምፖል ሲስፕር 15 በተባለው ዓለም አቀፍ የረብሻ መለኪያ እንዲፈተሽ፣ አድማጭም ረብሻ ሲገጥመው የሚያመለክትበት አንድ ስልክ ቁጥር እንዲኖር እጠይቃለሁ። አንዱን ብቻ ነው የምንችለው ከተባለ የአምፖሉን ፍተሻ አስቀድሙ፤ አንዴ ገበያ የገባውን ከየቤቱ መልቀም ዘበት ነው።

መብራት ሲኖርና ሲጠፋ የቀዳሁት ድምፅ በእጄ አለ። ባለሙያ ከመደባችሁ ይዤ እቀርባለሁ።

ከሰላምታ ጋር
አንድ የሬዲዮ አድማጭ