ግልጽ ደብዳቤ ለአሜሪካ የገንዘብ ሚኒስትር፦ ትንንሾቹን አበዳሪዎች አያዳክሙብን

ክቡር ሚኒስትር፣

በዋሽንግተንና በዙሪያዋ የትንንሽ ንግዶችን ሂሳብ እሠራለሁ። ደንበኞቼ አብዛኞቹ የአገሬ ልጆች ናቸው። ቤታቸው ውስጥ ሕፃናት የሚጠብቁ እናቶች አሉ፣ ታክሲ ነጂዎች አሉ፣ የጽዳት ሥራ የያዙ፣ ትንሽ ሱቅ የከፈቱ አሉ። የታክስ ሰሞን ወረቀታቸውን በፌስታል ጠቅልለው ይመጣሉ። እኔም ቁጭ ብዬ ዓመቱን እንዴት እንዳሳለፉት ከቁጥሩ አነባለሁ። የምጽፍልዎ ለእንዲህ ያሉ ሰዎች ስለሚያበድሩ፣ ለትርፍ ስላልተቋቋሙ ትንንሽ ድርጅቶችና መሥሪያ ቤትዎ ውስጥ ስላለው፣ እነሱን ስለሚደግፈው ፈንድ ነው። የዚህን ደብዳቤ እንግሊዝኛ ለቢሮዎ ልኬዋለሁ። በአማርኛ የማወጣው ጉዳዩ የእነሱ ስለሆነ፣ ስለእነሱ ምን እንዳልኩም ማወቅ ስላለባቸው ነው።

ከጥቂት ወራት በፊት አንዲት ባለሱቅ ደንበኛዬ የባንክ ስቴትመንቷን ይዛ መጣች። ገና የመጀመሪያውን ገጽ ስገልጥ ዓይኔ አንድ ቁጥር ላይ ቀረ። ሰኞ 321 ዶላር ወጥቷል። ማክሰኞ 321። ረቡዕ 321። እንዲህ እያለ እስከ ወሩ መጨረሻ ይሄዳል። "ምንድነው ይሄ?" አልኳት። "ያቺ ብድር ናት" አለችኝ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሱቋ ማቀዝቀዣ ተበላሸ። ለዓመታት ገንዘቧን ወዳስቀመጠችበት ባንክ ሄደች፣ የምትፈልገው ገንዘብ ለንግድ ብድር ትንሽ ነው፣ ማስያዣም የለሽም ተብላ ተመለሰች። በዚያው ሳምንት ስልክ ተደወለላት። ብዙ ወረቀት አንጠይቅም፣ ገንዘቡ በነጋታው ይገባል አሏት። 30,000 ዶላር ወሰደች። የምትመልሰው 40,500 ነው፣ በስድስት ወር ውስጥ፣ በየሥራ ቀኑ ከሂሳቧ እየተቆረጠ። ሱቁ ቢሸጥም ባይሸጥም ይቆረጣል።

"የጨመርኩት 10,500 ነው፣ 35 በመቶ ማለት ነው አይደል?" ብላ ጠየቀችኝ። አይደለም። ዕዳው በየቀኑ እየቀነሰ ስለሚሄድ 30,000ውን ሙሉ ስድስት ወር አልያዘችውም። በዓመት ሲሰላ ወለዱ 126 በመቶ ገደማ ይመጣል። ስነግራት ዝም አለች። ውሉን ገልጬ አየሁት። "ወለድ" የሚል ቃል የለበትም። "ብድር" የሚልም የለም። ውሉ የሚለው፣ የወደፊት ሽያጭሽን አስቀድመን ገዝተናል ነው። ዓመታዊው ወለድ ስንት እንደሆነ የነገራትም የለም። ካሊፎርኒያና ኒውዮርክ ይህን አይተው መጠኑ በዓመት ተሰልቶ ለተበዳሪው እንዲነገር በራሳቸው ሕግ አስገድደዋል። በብዙ ግዛቶች ግን ሰው የሚያውቀው ገንዘቡ ከወጣ በኋላ፣ ሂሳብ ሠሪው ጋ ሲደርስ ነው።

አሁን ይህንኑ 30,000 ዶላር ለትርፍ ካልተቋቋመ አበዳሪ በ12 በመቶ ወለድ፣ በአምስት ዓመት የሚከፈል አድርጋ ወስዳ ቢሆን ኖሮ ብለን እናስላው። በወር 667 ዶላር ትከፍል ነበር። ድምሩ 40,040 ይሆናል። ልብ ይበሉ፣ በጠቅላላው የሚከፈለው ገንዘብ ያው ነው ማለት ይቻላል! የሚለየው ጊዜው ነው። በአንደኛው በወር ወደ 6,750 ዶላር ከሱቁ ይወጣል፣ በሌላኛው 667። በ667 ሱቅ ይተነፍሳል። በ6,750 ግን ማቀዝቀዣው እየሠራ ሱቁ ይዘጋል።

12 በመቶውን ከራሴ አልፈጠርኩትም። የአነስተኛ ንግድ አስተዳደሩ፣ ኤስቢኤ የምንለው፣ ለትርፍ ባልተቋቋሙ ድርጅቶች በኩል እስከ 50,000 ዶላር የሚያበድርበት የማይክሮሎን ፕሮግራም አለው። ወለዱ አብዛኛውን ጊዜ ከ8 እስከ 13 በመቶ ነው።

ታዲያ ለምን መጀመሪያውኑ ወደዚያ አልሄደችም? መኖራቸውን አታውቅም ነበር። ይሄ ነው እስካሁን የሚያንገበግበኝ። ስልክ ደውሎ የሚያባብለው ገንዘብ አለው፣ ማስታወቂያ አለው፣ አማርኛ የሚናገር ደላላም አለው። ደጉ አበዳሪ ግን ሁለት ሦስት ሠራተኛ ይዞ አንድ ቢሮ ውስጥ ተቀምጧል።

እኛ ደግሞ ገንዘብ መሰባሰብን የምናውቀው ከእቁብ ነው። እቁብ ደግ ነገር ነው፣ በእቁብ የተከፈተ ሱቅ ብዙ አውቃለሁ። ግን እጣ መቼ እንደሚደርስ አይታወቅም፣ ማቀዝቀዣ ደግሞ ተራ ጠብቆ አይበላሽም። በዚያ ላይ አሥር ዓመት አንድም ቀን ሳታዛንፍ እቁብ የጣለች ሴት፣ በክሬዲት መዝገብ ላይ ምንም ያልከፈለች ሰው ሆና ነው የምትታየው። ለትርፍ ያልተቋቋመው አበዳሪ ይህንን ክፍተት ነው የሚሞላው። ብድሩን በየወሩ ስትከፍል ስሟ ክሬዲት ላይ ይጻፋል፣ ነገ ባንክ ስትሄድ የምታሳየው ነገር ይኖራታል።

እንዴት እንደሚሠሩ ቀርቤ ስላየሁ ልንገርዎ። አንድ ደንበኛዬ 40,000 ሊጠይቅ ሄዶ 15,000 ይበቃሃል ብለው መለሱት። ተናዶ መጣ፣ እኔም አብሬው ተናድጄ ነበር። በኋላ ወረቀቱን ሳየው ልክ ናቸው። የብድር ባለሙያዋ ከሱ ጋር አራት ጊዜ ተቀምጣለች። በደብተር የጻፈውን ሽያጭ በወር በወር ለያይታ፣ የቤቱን ወጪ ከሥራው ወጪ ነጥላ፣ የትኛው ወር ላይ እንደሚደርቅ አሳይታዋለች። ሁለት ማሽን መግዛቱን ትተህ አንዱን ግዛ ብላዋለች። አትበደር የሚል አበዳሪ እኔ ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም።

ግን ያ ሁሉ ጊዜ ነው፣ ጊዜ ደግሞ ደመወዝ ነው። 15,000 ዶላር ለማበደር የሚጠፋው ሥራ 500,000 ለማበደር ከሚጠፋው ብዙም አያንስም። ከ15,000 ላይ በ12 በመቶ በመጀመሪያው ዓመት የሚገኘው ወለድ ግን 1,800 ዶላር እንኳ አይሞላም። ከዚያ ላይ የባለሙያዋን ደመወዝ፣ የቢሮውን ኪራይ፣ ሳይመለስ የሚቀረውን ብድር ያንሱ። ባንኩ ለምን እንደማይገባበት በዚህ ይገባዎታል። ክፋት ላይሆን ይችላል፣ ሂሳቡ አልመጣ ብሎት ነው። ይህን ጉድለት የሆነ ሰው መሙላት አለበት። ካልተሞላ ወይ ብድሩ ይቀራል፣ ወይ ወለዱ 126 ይገባል።

እርስዎ ጋ የምመጣውም እዚህ ላይ ነው። መሥሪያ ቤትዎ ውስጥ ያለው የማኅበረሰብ ልማት ፋይናንስ ተቋማት ፈንድ፣ በአጭሩ ሲዲኤፍአይ ፈንድ የሚባለው፣ በ1994 በወጣ ሕግ የተቋቋመው ይህንኑ ጉድለት ለመሙላት ነው። ገንዘቡን ለሱቋ ባለቤት አይሰጣትም። ለአበዳሪው ድርጅት ካፒታል ይሆናል። ድርጅቱ ያንን ይዞ ባንክ ይሄድና ተጨማሪ ይበደራል፣ ምክንያቱም ብድር ቢበላሽ መጀመሪያ የሚጎዳው የራሱ ካፒታል መሆኑን ባንኩ ያያል። ባንኩም ቢሆን ይጠቀማል፣ በ1977 የወጣው ሕግ ድሀ ሰፈሮችን እንዲያገለግል ስለሚጠይቀው ለእነዚህ ድርጅቶች ያበደረው ይቆጠርለታል። ፈንዱ ለካፒታል ለሚሰጠው እያንዳንዱ ዶላር ደግሞ ሕጉ በመርህ ደረጃ ድርጅቱ ከፌዴራል መንግሥት ውጭ ሌላ አንድ ዶላር እንዲያመጣ ይጠይቃል። ይህንን ምጽዋት የሚል ሰው ካለ ሂሳቡን ቁጭ ብሎ አላየውም።

ለምን መንግሥት ይግባበት የሚሉም አሉ። መንግሥት እኮ ድሮም ገብቶበታል። በ1930ዎቹ የፌዴራሉ የቤት ብድር ድርጅት የከተሞችን ካርታ በቀለም ሲከፋፍል ጥቁሮች የሚኖሩባቸውን ሰፈሮች፣ ብዙ ጊዜም ስደተኞች የሰፈሩባቸውን፣ ለብድር አደገኛ ናቸው ብሎ ቀይ ቀባቸው። ቀይ መስመሩ ዛሬ በሕግ የተከለከለ ነው። ሰፈሮቹ ግን እዚያው ናቸው፣ ያልተሠራው ቤትና ያልተከፈተው ሱቅም አልተመለሰም።

እነዚህ አበዳሪዎች እንከን የለባቸውም አልልም። የዚህ ሥራ ፈር ቀዳጅ የነበረው የቺካጎው ሾርባንክ በ1973 ተነስቶ፣ ስንቱን ሰፈር አቅንቶ፣ ከቤት ብድሩ ቀውስ በኋላ በ2010 ተዘግቷል። ሌላው በ1980 በዱራም ሰሜን ካሮላይና የተመሠረተው ሰልፍሄልፕ ግን እስከ ዛሬ ያበድራል። ዘገምተኛም ናቸው። ብድር ለመጨረስ ሳምንታት ይፈጅባቸዋል፣ ማቀዝቀዣው የተበላሸበት ሰው ደግሞ ሳምንታት የለውም። ይህን ለራሳቸውም ነግሬያቸዋለሁ። መልሳቸው ሁልጊዜ አንድ ነው፣ ሰው የለንም።

ሰው ሲኖራቸው ምን እንደሚሠሩ ደግሞ መሥሪያ ቤትዎ ያውቃል። በ2020 በወረርሽኙ ጊዜ የደመወዝ መጠበቂያው ብድር ሲጀመር የመጀመሪያው 349 ቢሊዮን ዶላር በሁለት ሳምንት ውስጥ አለቀ። የኔ ደንበኞች አብዛኞቹ ባንካቸው ስልክ እንኳ ሳያነሳላቸው ነው ያለቀው። በሜይ ወር መጨረሻ ላይ መሥሪያ ቤትዎና ኤስቢኤ 10 ቢሊዮን ዶላር ለይተው በሲዲኤፍአይዎች፣ ማለትም ፈንዱ በሚደግፋቸው በእነዚህ ዓይነት አበዳሪዎች በኩል እንዲሄድ አደረጉ። በጭንቅ ቀን ወደ ማን እንደሚኬድ ታውቋል ማለት ነው።

እዚሁ አጠገባችን አርሊንግተን ውስጥ በ1983 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ማኅበረሰብ ልማት ምክር ቤት አለ። ስደተኛን ከመቀበል ጀምሮ በብድር ክፍሉ በኩል ሥራ እስከማስያዝ ድረስ ይሄዳል፣ የብድር ክፍሉም ሲዲኤፍአይ ነው። በአማርኛ ስለብድር የሚያወራ ሰው ማግኘት ለአንዲት የስድሳ ዓመት እናት ምን ማለት እንደሆነ በወረቀት አይገለጽም።

በማርች 14 ቀን 2025 በወጣው የፕሬዚዳንቱ ትእዛዝ ግን ፈንዱ ሕጉ ወደሚያስገድደው ዝቅተኛ ሥራ እንዲወርድ ተባለ። በኦክቶበር ደግሞ ለሠራተኞቹ የስንብት ማስታወቂያ ተላከ። እኔ ፖለቲከኛ አይደለሁም። ግን እንደዚህ ፈንድ የቨርጂኒያው ዴሞክራት ሴናተር ማርክ ዋርነርና የአይዳሆው ሪፐብሊካን ሴናተር ማይክ ክሬፖ አብረው የሚደግፉት ነገር በዚህ ዘመን ስንት አለ? ገንዘብ ተመድቦለት የሚያከፋፍለው ሰው ከሌለ፣ ማመልከቻው ጠረጴዛ ላይ ሲያድር፣ ያቺ የብድር ባለሙያ መጀመሪያ የምትቀነሰው ናት። እሷ ስትሄድ አራት ጊዜ የሚቀመጥ የለም።

የምጠይቅዎ ይህ ነው። ኮንግረስ የመደበውን ገንዘብ ሳይዘገይ ይልቀቁት። የፈንዱን ሠራተኞች ሥራቸው ላይ ያቆዩዋቸው። ከሚሰጠው ውስጥ ለምክርና ለሠራተኛ የሚውለውን ድርሻ ከፍ ያድርጉት፣ በተለይ በሰው ቋንቋ ለሚያስተናግዱ ትንንሽ ድርጅቶች። ስለዚያ በየቀኑ ስለሚቆረጠው "ሽያጭ ግዢ" ደግሞ፣ ዓመታዊው ዋጋ በየትኛውም ግዛት በግልጽ እንዲነገር የሚያደርግ ሕግ ኮንግረስ እንዲያወጣ ድምፅዎን ያሰሙ።

ያቺ ባለሱቅ ደንበኛዬ አሁንም 321ዱን እየከፈለች ነው። ሐሙስ ከሰዓት ቀጠሮ ይዘንላታል፣ ከአንድ ለትርፍ ካልተቋቋመ አበዳሪ ጋር፣ የቀረውን ዕዳ ወደ ወርሃዊ ክፍያ ይለውጥላት እንደሆነ ለመጠየቅ። የሦስት ወር ስቴትመንትና የሱቁን የኪራይ ውል አዘጋጅቼላታለሁ። አብሬያት እሄዳለሁ። ቢሮው ክፍት ሆኖ፣ ባለሙያዋም እዚያው ቆይታን እንድናገኛት እመኛለሁ።

አክባሪዎ፣
በዋሽንግተን አካባቢ የትንንሽ ንግዶች ሂሳብ ሠራተኛ