ያን ሕግ ሰርዢው (ደብዳቤ ለልጄ)

የኔ ዓለም፣

እንኳን ለ20ኛ ዓመት ልደትሽ አደረሰሽ። ዳቦ ደፍቼ፣ ጎረቤት ጠርቼ፣ አንቺ በሌለሽበት ቆረስን። ወንድምሽ ያንቺን ድርሻ በላልሽ።

እሱው ነው የነገረኝ። ፈተና ደርሶ እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ስለ ፌሪ፣ ስለ አየርላንድ ተረት ስውር ፍጡራን፣ የአስማታቸውን ሕግ እየደረደርሽ ስትጽፊ ታድሪያለሽ አሉ። ደብሊን የሄድሽው ለዚህ ነው? ደሜ ፈላ። ከዚያ የላክሽለትን አምጣ አልኩና መነጽሬን አድርጌ ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

ቁጣዬ እንዳለ ነው፤ ግን ጥሩ ጽፈሻል። ፌሪዎችሽ መዋሸት አለመቻላቸውን ወደድኩት። አይዋሹም፣ እውነቱን አጣመው ያታልላሉ። ውለታ ሳይከፍሉ አያድሩም። እህላቸውን የቀመሰ ሰው ወደ ቤቱ አይመለስም። ብረት ያቃጥላቸዋል። ይህን የአየርላንድ ሽማግሌዎች ይሉታል ብለሻል። የብረቱ ነገር የኛም ነው እኮ። አንቺን የወለድኩ ጊዜ ደጅ ብቅ ስል አያትሽ ቢላዋ ሳያስይዙ አያስወጡኝም ነበር።

ስለ ዛርስ የሚሉትን ረሳሽው? ሔዋን 30 ልጆች ነበሯት። ፈጣሪ ሊያያቸው ሲመጣ ቆንጆ ቆንጆዎቹን 15ቱን ደበቀች። የተደበቁት እንደተደበቁ ቀሩ፤ ዛር ሆኑ። አይስላንዶችም ስለ ስውር ሰዎቻቸው ይህንኑ ያወራሉ። የነሱ ሔዋን የደበቀችው ግን ያላጠበቻቸውን ልጆች ነው። እኔን ከጠየቅሽኝ የኛዋ የደበቀችው ሰው ዓይን ፈርታ ነው፣ የነሱዋ ደግሞ አፍራ። ከዚህ ጀምሪ። በፍርሃት የተደበቀና በእፍረት የተደበቀ አስማታቸው አንድ ሊሆን አይችልም።

ሰባተኛውን ሕግ ግን ሰርዢው። ፌሪዎች የታመመ ሰው ወስደው መልኩን የመሰለ ልውጥ ይተካሉ፣ ልውጡ በእሳት ሲፈራ እውነተኛው ይመለሳል ያልሽውን። ሰርዢው።

የብሪጅት ክሊሪን ታሪክ የነገርሽኝ ራስሽ ነሽ። አየርላንድ፣ ቲፐራሪ ውስጥ፣ በ1895 እ.ኤ.አ.፣ ከዓድዋ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ። ልብስ ሰፊ ነበረች፤ የራሷ የስፌት መኪና ያላት የ26 ዓመት ወጣት። ታመመች። ባሏ ይህች ሚስቴ አይደለችም አለ። ዘመዶቿ ሳይቀሩ ያዟት፤ በእሳት እያስፈራሩ ማንነቷን ደጋግመው ጠየቋት። መለሰች። አልበቃም። ባሏ አቃጠላት። ከዚያ እውነተኛዋ በነጭ ፈረስ ትመጣለች ብሎ ሌሊት ሌሊት እየወጣ ይጠብቅ ነበር።

አሁን ስለ አክስትሽ እጅ ልንገርሽ። የግራ እጇን ጠባሳ ምጣድ ነው ብለን ነው ያሳደግናችሁ። ምጣድ አይደለም።

እሷ 9 ዓመቷ ነበር፣ እኔ 13። ይጥላት ነበር። ቡዳ በላት ተባለ። ፍም በገል ቀረበና ጭሱ ላይ ጎንበስ አድርገው ያዟት። አንድ ክንዷን የያዝኩት እኔ ነኝ። «ማን ነህ? ልቀቃት! ለፍልፍ!» ይላሉ። እኔም እላለሁ። እንዲያውም የኔ ድምፅ ይበልጥ ነበር፤ ከልቤ ፈርቼ ነበር። እሷ «እኔ ነኝ እትዬ፣ እኔ ነኝ» ትላለች። እትዬ ብላ የምትጠራው እኔን ብቻ ነው። ይህን ቡዳ ከየት ያውቀዋል? ያን ጊዜ አላሰብኩትም። ዛሬም ሽንኩርት እየከተፍኩ ድንገት ይመጣብኛል። ክንዷ አመለጠኝ። እጇ ፍሙ ላይ አረፈ።

ከስንት ዓመት በኋላ ሐኪም ቤት ሄዳ የሚጥል በሽታ ነው ተባለች። የራስ ምታት ነው የምትላችሁ፣ ጠዋት ጠዋት የምትውጣት ነጯ ክኒን የሱ ናት። እኔ ይቅርታ ብያት አላውቅም።

አስማት ሁሉ ዋጋ አለው ብለሽ ጽፈሻል። እንግዲያው ዋጋውን በታመመው ላይ አትጣይ። ካስፈለገሽ ገልብጪው፤ እሳት ያቀረበው ሰው የገዛ ስሙ ይጥፋበት። የሚወዳት ልጅ ስትጠራው አይስማ። አይ፣ ተይው። ሰርዢው።

በርበሬና ሽሮ በሚመጣ ሰው ልኬልሻለሁ። በርበሬውን እንደደረሰሽ ከፌስታል አውጥተሽ ጠርሙስ ውስጥ ገልብጪው፣ ይነቅዛል። ፈተናው እስኪያልቅ ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ አንዲት መስመር እንዳትጽፊ። ደረትሽን ሸፍኚ፤ በፎቶው ላይ አንገትሽ ባዶ ነው።

እሁድ ለአክስትሽ ደውዪላት። ስለ እጇ ግን አታንሺባት፤ መጀመሪያ እኔ ላናግራት። ዛሬ ማታ ክኒኗን ይዤላት እሄዳለሁ።

እናትሽ