32ኛው ባር

ልጄ፣ እንደምን ከረምሽ? የላክሽልኝን ቪዲዮ መኪናውን ዳር አስይዤ ሦስት ጊዜ ሰማሁት። ያቺ የሳክስፎኗ ቁልፍ አሁንም በላስቲክ እንደታሰረች ናት አይደል? ያሰርኳት እኔ ነኝ፤ ለጊዜው ብዬ፣ አንቺ ሳትወለጂ።

ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ልግባ ወይስ እንደምንም ብዬ ቦስተን ያለውን የሙዚቃ ኮሌጅ በርክሊን ልሞክር ብለሽ ጠይቀሽኛል። አያትሽ ሁለቱንም ትታ አካውንቲንግ ትማር ብላኛለች፤ እሷን ለኔ ተዪልኝ።

ጓደኛሽ «ሙዚቃ በጆሮ ነው፣ ትምህርት ቤት ምን ያደርጋል?» ያለሽን ግን ዝም ብዬ አላልፈውም። እኔም በጆሮዬ ነው የተማርኩት። ትዝታ በይ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ፣ ዘፋኙ ከሚመቸው ድምፅ አንስቼ እጫወት ነበር። ኖታ ግን አላነብም። አንድ ሆቴል የሚሠራ ባንድ ለሙከራ ጠራኝና ወረቀት ስታንዱ ላይ ዘረጉልኝ። ሪዴን፣ ያቺን አፉ ላይ የምትታሰረውን ስስ ሸምበቆ፣ የማስተካክል መስዬ ሌሎቹ አንድ ዙር ሲጫወቱት አዳመጥኩና በሁለተኛው ገባሁ። ማንም አልነቃብኝም ስል መሪው እጁን አንስቶ አስቆመን። «ከ32ኛው ባር፣ ሳክስፎን ብቻውን» አለ። ባር የሚሉት ኖታው በቋሚ መስመር የተከፋፈለበትን እያንዳንዱን ክፍል ነው። ወረቀቱን አየሁት፤ ጉንዳን የፈሰሰበት ይመስላል። ከየት ጀምሬ እንደምቆጥር እንኳ አላወቅኩም። ሰውየው ቢቆጣኝ በስንት ጣዕሙ! ሻይ ጋብዞ ነው የሸኘኝ።

ሙላቱ አስታጥቄም በርክሊ ነው የተማረው ትይኛለሽ። ልክ ነሽ፣ ከአፍሪካ ሄዶ እዚያ የተማረ የመጀመሪያው ሰው ነው። ነገር ግን መጀመሪያ ኢንጂነሪንግ ሊማር ዌልስ ሄዶ (ይህን ለአያትሽ እንዳትነግሪያት፣ የባሰ ትይዘኛለች) ሙዚቃን እዚያ ጀምሮ፣ ለንደን ትሪኒቲ ተምሮ ነው ቦስተን የደረሰው። ባዶ እጁን አልሄደም። ፒያኒስቱ ግርማ ይፍራሸዋም ልጅ ሳለ ክራር ነበር የሚጫወተው፤ ፒያኖን ያገኘው ያሬድ ሲገባ ነው። ለትምህርት ቡልጋሪያ፣ ሶፊያ የሄደው ከዚያ በኋላ ነው። ያሬድ ደግሞ ከፈረንጁ መሣሪያ ጋር የአገርሽንም ያስተምርሻል፤ ክራር ወይ ማሲንቆ ወይ ዋሽንት። ይህን ውጭ አገር ሄደሽ ልፈልግ ብትዪ ትደክሚያለሽ።

ገንዘቡንም ልንገርሽ። ባለፈው አንድ ልጅ ትሮምቦኑን ታቅፎ መኪናዬ ውስጥ ገባ። ትልቅ ስም ያለው ትምህርት ቤት ጨርሷል፤ ቀን ቀን ሱቅ ውስጥ ይሠራል። ለትምህርቱ የተበደረውን ብድር ስጠይቀው ሳቀና ወደ መስኮቱ ዞረ፤ እስኪወርድ ሌላ አልጠየቅኩትም። ያለ ክፍያ የሚያስተምሩም አሉ። ፊላደልፊያ ያለው የሙዚቃ ትምህርት ቤት ከርቲስ ማንንም የትምህርት ክፍያ አያስከፍልም፣ ግን ተማሪዎቹ ሁለት መቶ እንኳ አይሞሉም፤ ዋናው ሥራውም ክላሲካል ነው። ጀርመን ብዙዎቹ የመንግሥት ሙዚቃ ትምህርት ቤቶች የትምህርት ክፍያ አይጠይቁም፤ ባደን ቩርተምበርግ ያሉት ግን ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ከሚመጣ ተማሪ በሴሚስተር 1500 ዩሮ ይቀበላሉ። ቋንቋውም አለ።

እኔ ብሆን ያሬድን አስቀድም ነበር። ስሙን ብቻ ብለሽ ግን እንዳትገቢ። ሄደሽ ሳክስፎን የሚያስተምረው ማን እንደሆነ ጠይቂ። ስንት ተማሪ ይዟል? በሳምንት አንድ ጊዜ ለብቻሽ ይቀመጥልሻል ወይስ እየቀረ ያስጠብቅሻል? ይህን ቢሮ አይነግሩሽም፤ ተማሪዎቹን ሻይ ጋብዢያቸው። ከሰዓት በኋላ ከመለማመጃ ክፍሎቹ ውጭ ቁሚና አዳምጪ። የሚለማመድ ሰው ድምፅ ካለ ጥሩ ነው፤ አንዱን ቦታ አሥር ጊዜ የሚደጋግም ካለማ ይበልጥ ጥሩ። ያለፈው ዓመት ተመራቂዎችስ አሁን የት ነው የሚጫወቱት?

በርክሊ አይሸሽም። ኦዲሽኑ፣ የመግቢያ ፈተናው ላይ ያዘጋጀሽውን ብቻ አይደለም የሚሰሙሽ፤ ኢምፕሮቫይዝ፣ ማለትም እዚያው ከራስሽ እየፈጠርሽ እንድትጫወቺ ያስደርጉሻል፣ አይተሽው የማታውቂውን ኖታ ያስነብቡሻል፣ ኢንተርቪውም አለው። ያን ቀን ወረቀት ሲዘረጉልሽ እንደ አባትሽ ሪድ የምታስተካክዪ እንዳትመስዪ።

የሪድ ነገር ካነሳሁ፣ ቁጥር ሁለት ተኩሉን አንድ ፓኬት ለጥምቀት ከሚመጣ ሰው ጋር ልኬልሻለሁ። ያሬድ ስትሄጂ ቁልፍ የሚጠግን ሰው ያውቁ እንደሆነ ጠይቂልኝ። እስከዚያው ላስቲኩን አትንኪው።

አባትሽ
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ