ስለ ቅዳሜው የማንዶሊን ዝግጅት

ውድ ወላጆች፣

ጤና ይስጥልን። በመጪው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ 8:30 ላይ የሙዚቃ ክበባችን በአዳራሻችን ዝግጅት አለው። ሁላችሁም ተጋብዛችኋል። ከግብዣው ጋር ግን አንድ ልመና አለኝ፤ ደብዳቤው የረዘመውም በሱ ምክንያት ነው።

ዘንድሮ ልጆቹ የያዙት የዮሐን ኔፖሙክ ሁመልን የማንዶሊን ኮንቼርቶ ነው፤ ኮንቼርቶ አንድ መሣሪያ ፊት ወጥቶ ሌሎቹ የሚያጅቡት ሥራ ነው። ሁመል በልጅነቱ ቪየና ውስጥ ሞዛርት ቤት እየኖረ የተማረ የሙዚቃ ደራሲ ነው። ይህን ሥራ እንደ ፈረንጆቹ በ1799 ሲጽፍ ገና የሃያ ዓመት ወጣት ነበር። የጻፈውም ባርቶሎሜዮ ቦርቶላዚ ለሚባል ጣሊያናዊ ማንዶሊን ተጫዋች ነው።

ማንዶሊን ለኛ ባዳ አይደለም፤ የማንዶሊን ተጫዋቹን አየለ ማሞን የምታስታውሱ ትኖራላችሁ። ከነቫዮሊን ጋር ሲሰለፍ ግን ጣጣ አለው። ድምፁ ትንሽ ነው። ቫዮሊን እጅ እስካላረፈ ድረስ በደጋኑ ድምፁን ይዞ ይቆያል። ማንዶሊን በፒክ፣ ማለትም በክር መምቻው፣ ተመታ፣ ጮኸ፣ አለቀ። ድምፁ እንዲቆይ ከተፈለገ ፒኩን ቶሎ ቶሎ ማርገብገብ ነው። ሞዛርትም በ1787 ፕራግ ላይ ለታየው «ዶን ጆቫኒ» ኦፔራው ማንዶሊን ሲያስገባ፣ አጃቢዎቹ ደጋናቸውን ትተው ክሩን በጣት እንዲነኩ አድርጓል። ለዚሁ ብሎ ይመስለኛል።

የኛዋ ማንዶሊን ተጫዋች የ10ኛ ክፍል ተማሪ ናት። የመጣችው ከቫዮሊን ነው። የሁለቱ ቅኝት አንድ ነው፦ ሶል፣ ሬ፣ ላ፣ ሚ። ማንዶሊን ላይ ግን እያንዳንዱ ክር መንታ ስለሆነ 8 ሽቦ አለ፤ ሁለቱን ባንድ ጣት መጫን ያማል። ባለፈው ሳምንት ቢሮዬ መጥታ የግራ እጇን ጣቶች አሳየችኝ። ጫፋቸው ጠጥሯል። «አሁንማ አያመኝም» አለችኝ፣ ደስ ብሏት።

የሚቀርቡት የኮንቼርቶው የመጀመሪያዎቹ ሁለት ክፍሎች ናቸው። ሁለተኛውን እወደዋለሁ፤ አንድ ዜማ ይያዝና መልኩን እየቀያየረ ይመላለሳል። ሦስተኛው፣ ሮንዶ የሚባለው ክፍል፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ገና አልበሰለም።

እንግዲህ ልመናዬ። ማይክሮፎን አንጠቀምም። አዳራሹ ትንሽ ነው፣ ዝም ካልን ይሰማል። ስልካችሁን አጥፉልን፤ ንዝረት ላይ ማድረግ አይበቃም፣ የእንጨት ወንበሩ ያስተጋባዋል። ዓምና ክራር እየተመታ ስልክ ጮኾ ልጁ ዜማው ጠፋበት። ስልኩ የኔ ነበር። ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፣ ግን እስካሁን ሳየው አፍራለሁ።

ሕፃናት የያዛችሁ በበሩ አጠገብ ብትቀመጡ ለመውጣት ይመቻችኋል። በሁለቱ ክፍሎች መሀል ጭብጨባውን ያዝ አድርጉልን። በሩ ልክ 8:30 ይዘጋል፤ ያረፈደ ሰው በዕረፍት ሰዓት ይገባል። ሻይና ዳቦ አለ።

ከአክብሮት ጋር፣
ርዕሰ መምህሩ