ለደንበኞቻችን፦ ስለ ፎር ዊል ቅየራ ሥራችን

ውድ ደንበኞቻችን፣

ሰሞኑን ስልክ ባነሳሁ ቁጥር የሚያገኘኝ የተቆጣ ሰው ነው። እውነታችሁን ነው። ተራ ይዛችሁ ወራት ከጠበቃችሁ በኋላ «ሥራውን አንቀበልም» መባል ያናድዳል። ቀደም ብዬ ልነግራችሁ ይገባ ነበር፤ ይቅርታ። ቀብድ የከፈላችሁ በሙሉ ገንዘባችሁ ሳይቆረጥ ይመለስላችኋል።

ውሳኔው ግን እንዳለ ነው። ከእንግዲህ፣ በኋላ ጎማዎቹ ብቻ የሚነዳ ፒክአፕ ወደ ፎር ዊል (አራቱም ጎማ ወደሚነዳው) የምንቀይረው፣ ዕቃው በሙሉ ከአንድ ፎር ዊል መኪና ተፈቶ ሲቀርብልን ብቻ ነው። ሞዴሉም ያው መሆን አለበት። ካምቢዮውን (የማርሽ ሳጥኑን) ከአንዱ፣ ዲፈረንሻሉን (ኃይሉን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያካፍለውን) ከሌላው እየለቃቀምን አንገጥምም።

«ገንዘብ ጣማቸው» ያላችሁ አላችሁ። «አሁን የሚፈልጉት ሀብታም ብቻ ነው» ያለኝም አለ። ይሄኛው አመመኝ፣ አልደብቃችሁም። ጋራዡን ስከፍት የነበረኝ አንድ ክሪክና አንድ የመፍቻ ሳጥን ነው። የመጀመሪያው ትልቅ ሥራዬም ይኸው የፎር ዊል ቅየራ ነበር። በጀርባዬ ተኝቼ፣ ዘይት ፊቴ ላይ እየተንጠባጠበ የሠራሁት ሥራ ነው። ያ ሰውዬ ዛሬም ደንበኛዬ ነው፤ ልጁም መኪናውን የሚያመጣው እኛ ጋ ነው። ይህን ሥራ ጠልቼ የምተወው አይደለም።

ብዙ ሰው ከፊት ዲፈረንሻል አስሮ በትራስሚሲዮን፣ ማለትም ኃይሉን ወደ ዲፈረንሻሉ በሚያደርሰው ዘንግ፣ ማገናኘት ብቻ ይመስለዋል። እስቲ መኪናው ሥር አብረን እንግባ። ኃይሉን ለፊትና ለኋላ የሚያካፍለው ትራንስፈር ኬዝ የሚታሰረው ካምቢዮው ጀርባ ላይ ነው። የሁለት ጎማው ካምቢዮ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የኋላ መውጫው ስለማይገጥም ራሱ ካምቢዮው ይቀየራል። ያኔ የኋላው ትራስሚሲዮን ይረዝምና መቆረጥ አለበት፤ ከተቆረጠ ደግሞ ባላንስ መደረግ አለበት። የፊት ዲፈረንሻሉ የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ብዙ ጊዜ የሞተሩ የዘይት ቋት ተንጠልጥሏል። ስለዚህ ቋቱም፣ ውስጡ ያለው የዘይት መምጠጫም ይለወጣል። የፊት ጎማው ማቀፊያ መሃሉ ለዘንግ አልተበሳም፤ እሱም ይቀየራል፣ ከነኩሽኔታው። አዳዲሶቹ መኪኖች ላይ ደግሞ ኮምፒውተሩ አለ። የፍሬን መቆጣጠሪያው የሚያውቀው በኋላ ጎማ የሚሄድ መኪና ነው። ፊቱ መንዳት ሲጀምር ግራ ይጋባል።

ፋብሪካውም ቢሆን ዲፈረንሻል ብቻ ጨምሮ አላለፈም። ቶዮታ ሃይሉክስ በፈረንጆቹ 1968 ሲወጣ በኋላ ጎማ ብቻ የሚሄድ ነበር። ፎር ዊሉ በ1979 ሲመጣ ከፊት ለየብቻ ይንቀሳቀሱ የነበሩት ጎማዎች ቀርተው፣ ባሌስትራ ላይ የተቀመጠ አንድ ወጥ አክስል ገባበት። የፊቱ አሠራር ከሥሩ ተለወጠ ማለት ነው።

ሐሳቤን የለወጠኝን መኪና ልንገራችሁ። ሌላ ቦታ ተቀይሮ እየተጎተተ ነው የመጣልን። ትራንስፈር ኬዙ ውስጥ ሰንሰለቱ ተበጥሶ ሽፋኑን ሰንጥቆታል። ባለቤቱ «ጭቃ ላይ አንድም ቀን አስቸግሮኝ አያውቅም» አለኝ። የፊቱንም የኋላውንም ትራስሚሲዮን ፈታን፣ መኪናውን በክሪክ አነሳን። ጎማውና ዲፈረንሻሉ ላይ በጠመኔ ምልክት አደረግሁ። ረዳቴ አንዱን የፊት ጎማ ጥርቅም አድርጎ ያዘ። እኔ ሌላውን 20 ጊዜ አዞርኩ። የዲፈረንሻሉ መግቢያ 41 ጊዜ ዞረ። ወደ ኋላ ሄድን። እንደገና 20 ዙር። 43! የተሳሳትን መስሎኝ ደግመን ቆጠርን። ያው ነው።

አንዱ ጎማ ስለተያዘ የሌላው 20 ዙር፣ ሁለቱም አብረው 10 ጊዜ እንደዞሩ ይቆጠራል። ስለዚህ ጎማው አንዴ እንዲዞር የፊቱ መግቢያ 4.1፣ የኋላው 4.3 ጊዜ መዞር ነበረበት። ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ፎር ዊሉ ሲገባ ፊትና ኋላ በአንድ ላይ ይታሰራሉ። የፊት ጎማዎች በ5 በመቶ ያህል ቀድመው መሮጥ ይፈልጋሉ፣ የኋላዎቹ ይጎትቷቸዋል። ጭቃ ላይ ጎማው እየተንሸራተተ ውጥረቱን ያረግባል። ደረቅ መንገድ ላይ መውጫ የለውም፤ ትግሉ ሁሉ ሰንሰለቱ ላይ ያርፋል። ያ ሰው ፎር ዊሉን ያስገባው ደረቅ ቁልቁለት ላይ ነበር። ጎማዎቹ በአንዴ ቢቆለፉ ምን ይፈጠር እንደነበር ማሰብ አልፈልግም።

ሁለተኛው የራሴ ሥራ ነው። በለቃቀምነው ዕቃ የቀየርነው ፒክአፕ ከዓመታት በኋላ ለሰርቪስ መጣ። የፊት ዲፈረንሻሉን የሚሸከመው ማሰሪያ ቴላዮው (የመኪናው የብረት አጥንት) ላይ የተበየደበት ቦታ ዙሪያውን ተሰንጥቋል። ጥፍሬ ይገባበታል። ደንበኛው ምንም አላወቀም ነበር። ያለ ክፍያ አስተካከልኩለት፣ ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ቤተሰቡን ጭኖ የሚሄድበት መኪና ነው።

የዋጋውም ነገር አለ። በፊት የተጋጨ ፎር ዊል በቀላሉ ይገኝ ነበር። ዛሬ ዕቃው ሲገኝ ወይ ያለቀ ነው፣ ወይ ዋጋው አይቀመስም። ሥራውም ሳምንታት ይፈጃል፤ ቦታው ሲያዝ ሌላ መኪና አይገባም። ሒሳቡን አብሬያችሁ የሠራሁ ታውቃላችሁ፦ የራሳችሁን ፒክአፕ ሸጣችሁ፣ ጥቂት ጨምራችሁ ፋብሪካ የሠራውን ፎር ዊል መግዛት ብዙ ጊዜ ይረክሳል። ይህን ስላችሁ ገቢዬን ነው የማባርረው። ሰው ገንዘብ ከጣመው እንዲህ አይመክርም።

ለብዙዎቻችሁ ደግሞ ፎር ዊል ላያስፈልግ ይችላል። ባዶ ፒክአፕ ኋላው ቀላል ነው፣ ለዚያ ነው ጭቃ ላይ ጎማው ቶሎ ባለበት የሚዞርበት። የኋላውን ዲፈረንሻል የሚቆልፍ ሎክ መግጠም፣ ጥርሱ ጥሩ የሆነ ጎማ ማድረግ፣ አክስሉ ላይ የሚያርፍ ክብደት መጫን፤ እነዚህ ብቻቸውን ብዙ ቦታ ያወጣሉ። ይህን ሥራ ነገም እንቀበላለን። ተራ ላይ ለነበራችሁ ቅድሚያ እንሰጣለን።

ግቢያችን ውስጥ ተፈትቶ የቆመውን ነጭ ፒክአፕ ይህ ውሳኔ አይነካውም። ለባለቤቱ ቃል ገብቻለሁ፣ በተስማማንበት ዋጋ እንጨርሰዋለን። ዕቃው ስለተወደደ የምከስረው እኔ ነኝ።

ሌላ ጋራዥ ሄዳችሁ የምታስቀይሩ ካላችሁም አልቀየማችሁም። አንድ ነገር ብቻ እለምናችኋለሁ፦ ፎር ዊሉን ከማስገባታችሁ በፊት በእኛ በኩል እለፉ። ክሪኩም ጠመኔውም አለ። ክፍያ የለውም፣ አብረን እንቆጥራለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋራዡ ባለቤት